ለአንድ ጨዋታ የተቀጠረው ሰው

ለዛሬ ከፒያሳና ከቦሌ ላውጣችሁና ቶንተን ወደምትባል የእንግሊዝ ከተማ ልውሰዳችሁ። ከለንደን ፓዲንግተን ባቡር ጣቢያ ተነስታችሁ ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። የሳመርሴት አውራጃ ዋና ከተማ ናት። አገሩ የፖም አገር ነው። ከፖሙ የሚጠምቁት ሳይደር የሚባለው መጠጥ ከኛ ጠጅ ጋር ዘመድ ሳይሆን አይቀርም፤ ሲጠጡት ጭማቂ ይመስላል፣ ሲነሱ ነው ጉዱ የሚታወቀው። ከከተማዋ ወንዝ ዳር፣ ከአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ሥር፣ የአገሩ ሰው የሚሳለመው አንድ ሜዳ አለ። የክሪኬት ሜዳ!

«ደግሞ ክሪኬት ምን ሊያደርግልን ነው?» ብላችሁ ጋዜጣውን ልታጥፉ ያሰባችሁ ቆይ አንዴ። ጨዋታውን በሁለት መስመር ልገላግላችሁ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በጠፍጣፋ ዱላ ይመታል። ኳሷ ከመቺው ጀርባ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ካገኘች ወይም የተመታችው ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች መቺው ይወጣል። አሥር ሰው ሲወጣ የቡድኑ ተራ ያልቃል፤ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት ተራ አለው። በቃ። የቀረውን እኔም አላውቀውም።

አንድ ጨዋታ አራት ቀን ይፈጃል። አራት ቀን! ከጠዋት እስከ ማታ፣ መሐል ላይ ምሳና ሻይ እየተበላ። ታዲያ ተመልካቹ ይህን ሁሉ ሰዓት ምን ያደርጋል? ይከራከራል። ማን ይሰለፍ፣ ማን ይቀመጥ፣ ማን ከውጭ ይምጣ። ስታዲየም ዙሪያ ማኪያቶ ይዘው የጊዮርጊስንና የቡናን አሰላለፍ የሚሠሩትን የሰፈራችሁን ልጆች አስቡ፤ ፀጉራቸውን ሽበት አድርጉት፣ ፔርሙዝና የጉልበት ብርድ ልብስ ጨምሩበት። ቶንተን ደረሳችሁ ማለት ነው።

እኔ እዚያ የሄድኩት እህቴን ልጠይቅ ነበር፤ ወቅቱ በፈረንጆቹ መስከረም 2024 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።) እህቴ የምትሠራው አንድ ሽማግሌ በመንከባከብ ነው፤ ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ በዊልቸር ትገፋቸዋለች። «አባባ» ትላቸዋለች። እሳቸውም ትርጉሙን ጠይቀው አያውቁም፤ «አባባ» ስትል ዞር ይላሉ። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሳመርሴት ክለብ አባል ናቸው፤ ጨዋታ ሲኖር የእህቴ ሥራ ሜዳው ላይ ነው። ለአራት ቀን እኔም አብሬ ዋልኩ።

ሳመርሴት በ1875 የተመሠረተ ክለብ ነው። የአውራጃዎቹን ሻምፒዮና፣ 18 ክለቦች በሁለት ምድብ የሚፋለሙበትን ማለቴ ነው፣ እስከ 2025 ውድድር ድረስ አንድም ጊዜ በልቶ አያውቅም። አንድም ጊዜ! ስድስት ጊዜ ሁለተኛ ወጥቷል። ይህን የሚያህል ቁስል ያለበት ደጋፊ ቢነዘንዝ ይፈረድበታል? በዚያ ሳምንት የመጣባቸው ደግሞ የለንደኑ ሰሪ ነበር፤ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ዋንጫውን የወሰደው ሀብታሙ ክለብ።

ነገሩን ያጋጋለው ግን ሌላ ነው። አንድ ክለብ በሻምፒዮናው ጨዋታ ሁለት የውጭ ዜጋ ማሰለፍ ይችላል። ሰሪ ብዙ ልጆቹ ለብሔራዊ ቡድን ተጠርተውበት ስለነበር ሻኪብ አል ሀሰንን፣ የባንግላዴሹን ዝነኛ፣ ለዚህ ለአንድ ጨዋታ ብቻ ቀጠረው። አራት ቀን ሠርቶ ሊሄድ! ቶንተን ላይ ሜዳው በመስከረም ደረቅ ይላል፣ ኳሷን እያሽከረከሩ የሚወረውሩ ሰዎችን ይወዳል፤ ደጋፊው በራሱ እየቀለደ በሕንዱ ሃይደራባድ ፈንታ «ሳይደራባድ» ይለዋል። ሻኪብ ደግሞ የማሽከርከር ጌታ ነው። ገባችሁ አይደል?

የአባባ የልብ ጓደኛ፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ፣ ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ይሄ ቅጥረኛ ነው! ለአንድ ሳምንት የመጣ ሰው ለማልያው ምን ይቆረቆራል?»

«ቪቭስ?» አሉ አባባ።

«ቪቭን ከዚህ ጋር እንዳታነሳው!»

ቪቭ የሚሉት ሰር ቪቪያን ሪቻርድስን ነው፤ የአንቲጓውን። በ1974 ቶንተን የመጣው ገና ልጅ ሆኖ ነበር። ቁመቱ ሁለት ሜትር ያለፈው የባርቤዶሱ ጆኤል ጋርነር በ1977 ተጨመረ፤ የአገሬው ልጅ ኢያን ቦተምም አብሯቸው ነበር። ያን ጊዜ ድረስ አንዲት ዋንጫ አይቶ የማያውቀው ክለብ ከ1979 እስከ 1983 አምስት ዋንጫ አነሳ፤ ሻምፒዮናው ብቻ ቀረ። ሪቻርድስ በ1985 እዚሁ ሜዳ ላይ በአንድ ቀን ብቻውን 322 ነጥብ አስቆጠረ። አባባ ያን ቀን ሲያወሩ እጃቸው መንቀጥቀጡን ያቆማል። (እህቴ ናት ያሳየችኝ።)

ከዚያስ? ክለቡ በዚያው ዓመት ሻምፒዮናውን ጭራ ሆኖ ጨረሰ። በ1986 ኮሚቴው ሪቻርድስና ጋርነር ውላቸው እንዳይታደስ ወሰነና የኒውዚላንዱን ማርቲን ክሮን መረጠ። ከተማው ለሁለት ተከፈለ! ቦተም «እነሱ ከሄዱ እኔም» ብሎ ወደ ዉስተርሻየር ሄደ። በኅዳር አባላቱ ሼፕተን ማሌት በሚባል ቦታ ስብሰባ ወጥተው ድምፅ ሰጡ፤ ኮሚቴው በሰፊ ልዩነት አሸነፈ።

አባባ ለኮሚቴው ነው እጃቸውን ያወጡት። ጓደኛቸው ለሪቻርድስ። ይኸው 38 ዓመት ሊሆነው ሲል እንኳ አላለቀም።

«ሁለቱ ዝነኞች እየደከሙ ነበር፣ ወጣቶቹ ቦታ አጡ» ይላሉ አንዱ። «ዳቦ ያበላህን ሰው አባረርክ» ይላል ሌላው። የሚያስቀው ክለቡ ራሱ በኋላ ከሜዳው በሮች አንዱን የሪቻርድስ በር ብሎ ሰየመው። ጓደኝየው ዊልቸሩን የገፋ ቀን ሌላ በር ቅርብ ቢሆን እንኳ ዞሮ በዚያ ያስገባቸዋል። «አንገትህን አቅና፣ ስሙን አንብብ» እያለ። አባባም ዓይናቸውን ጨፍነው ያልፋሉ። ሞታቸውን ነው የሚወዱት እንዲህ ሲጣሉ።

ሦስተኛው ቀን ረቡዕ ነበር፤ በኛ መስከረም 1 ቀን 2017፣ እንቁጣጣሽ። እህቴ ሌሊት ድፎ ዳቦ ጋግራ በጋቢ ጠቅልላ መጣች። አደይ አበባ የለ፣ ችቦ የለ። ብርዱ አጥንት ይገባል። (ለመሄድ የምታስቡ፣ በመስከረም ወፈር ያለ ጃኬት ያዙ፤ ፀሐዩዋን አትመኗት፣ ታታልላለች።) ድፎው ለአንድ ረድፍ ሰው ተዳረሰ፤ አንዷ ወጣት ደጋፊ፣ በጆሮዋ ሬዲዮ የሰካች፣ ሦስቴ አስቆርሳለች።

ክርክሩ ግን አልበረደም። በዚያን ቀን ሻኪብ የሳመርሴትን ሰዎች አንድ በአንድ እየለቀመ ነበር። ከኋላችን ከከተማው ሬስቶራንት ፈቃድ ጠይቆ የመጣ ባንግላዴሻዊ ወጣት አለ፤ ሻኪብ ሰው ባወጣ ቁጥር ብቻውን ያጨበጭባል። የሬዲዮዋ ልጅ ዘወር አለችና፣

«ለአንድ ጨዋታ መቅጠር ልክ ነው ትላለህ?» አለችው።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለ እየሳቀ። «እሱን ለማየት ግን አገሬ ገብቼ ትኬት ብቆርጥ ይሻለኝ ነበር? አሁን እሱም አገሩ መግባቱን እንጃ።»

ነገሩ እውነት ነው። ሻኪብ በጥር 2024 ለባንግላዴሽ ፓርላማ ተመርጦ ነበር፤ በነሐሴ መንግሥቱ በሕዝብ አመፅ ወደቀና ፓርላማው ፈረሰ። ከፓኪስታን ጉዞ ወደ ቶንተን፣ ከቶንተን ወደ ሕንድ። በጥቅምት ዳካ ላይ የመሰናበቻ ጨዋታ ልጫወት ብሎ ተመኝቶ ነበር፤ ለደኅንነቱ ተሰግቶ አልሆነለትም። ቅጥረኛ የተባለው ሰውዬ እንግዲህ እሱ ነው።

ጓደኝየው ይህን ሲሰማ ትንሽ ዝም አለና ሌላ ነገር አመጣ። ኮልፓክ! በ2003 አንድ ስሎቫካዊ የእጅ ኳስ ተጫዋች የአውሮፓ ፍርድ ቤት ገብቶ ረታ፤ በእሱ ፍርድ ምክንያት ብዙ ደቡብ አፍሪካውያን «የውጭ ዜጋ» ሳይባሉ ለእንግሊዝ ክለቦች ተጫወቱ። እንግሊዝ ከኅብረቱ ስትወጣ በ2020 መጨረሻ በሩ ተዘጋ። ያው ሰው፣ ያው ክንድ፣ ትናንት እንደ አገሬው ተቆጥሮ ዛሬ የውጭ።

«ወረቀት ነው ሁሉም ነገር» አለ ጓደኝየው። «የውጭ ሰው በዛ፤ ይቀንስ ነው የምለው እኔ።»

እህቴ ድፎ እየቆረሰች ነበር። «እኔስ?» አለችው በእንግሊዝኛ።

«እንዴ! አንቺማ ሌላ ነሽ» አለ ደንግጦ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

ወደኔ ዞር ብላ በአማርኛ፣ «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሉት። ‹አንቺ ሌላ ነሽ›» አለችኝ። ድፎውንም ሰጠችው።

የእህቴን ነገር ላውጋችሁ፤ እዚህ ውስጥ ገብቷልና። የተንከባካቢ ሠራተኛ ቪዛ ነው ያላት። ቪዛው ከቀጣሪዋ ድርጅት ጋር የተሳሰረ ነው፤ ድርጅቱ ፈቃዱን ቢነጠቅ ብዙውን ጊዜ 60 ቀን ይሰጣታል፣ በዚያ ውስጥ ሌላ ቀጣሪ ማግኘት አለባት። የሷ ጉዳይ ያለቀው ደግሞ ከመጋቢት 11 ቀን 2024 በኋላ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ሥራ አዲስ የሚገባ ሰው ቤተሰብ ይዞ መግባት ተከልክሏል። የስድስት ዓመት ልጇ እናታችን ጋ ናት። በእንቁጣጣሽ ጠዋት በስልክ ዘፈነችላት፤ ስልኩ ሁለቴ ተቋረጠ። በሐምሌ 2025 ደግሞ ከውጭ አዲስ ተንከባካቢ መቅጠሩ ራሱ ቆመ። ደላላ «በእንክብካቤ ቪዛ እንግሊዝ አስገባችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ የጠየቃችሁ ካለ፣ አደራ፣ ቦርሳችሁን ዝጉ።

አባባ ያን ሁሉ ሰምተው ቆይተው፣ ቀስ ብለው፣ «ቪቭም መጀመሪያ ለማንም ምንም አልነበረም» አሉ። ጓደኝየው በተራው ጮኸ፤ «ታዲያ ለምን አባረርከው?» ተጀመረ እንደገና!

አራተኛው ቀን ነው ጉዱ። ከዚያ በፊት አንድ የሰነበተ ጥያቄ ነበር፤ የ18 ዓመቱ አርቺ ቮን ለምን ይሰለፋል የሚል። አባቱ ማይክል ቮን በ2005 እንግሊዝን እየመራ አውስትራሊያን ያሸነፈ ካፒቴን ነው። «በአባቱ ስም ነው እንዴ?» ያሉ ነበሩ ከጎናችን። ሳመርሴት ለእንግሊዝ የሚጫወት ሾይብ በሺር የሚባል ሌላ አሽከርካሪ ወርዋሪ ነበረው፤ ግን ጃክ ሊች በመኖሩ በዚያው ዓመት ቦታ አጥቶ ለዉስተርሻየር በውሰት የተሰጠ ልጅ ነው። በዚያ ሳምንት ደግሞ ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ነበር። ስለዚህ ሕፃኑ ቮን።

ሻኪብ በሁለቱ ተራ ዘጠኝ ሰው አወጣ። ለአራት ቀን ሥራ፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? በመጀመሪያው ተራ 132 ያስቆጠረው የሳመርሴቱ ቶም ባንተን ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ በሁለተኛው እያነከሰ ገብቶ 46 ጨመረ፤ የሜዳው ሰው ቆሞ ነው ያስገባው። ሰሪ ለማሸነፍ 221 ያስፈልገው ነበር። 95 ሲደርስ የወጣበት ሦስት ሰው ብቻ። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ አቻ ሊወጡ ነው፤ አንዳንዱ ብርድ ልብሱን ማጠፍ ጀምሯል።

ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ ልበላችሁ? ሊች አንድ፣ ቮን አንድ፣ ሊች፣ ቮን… ሰባት ሰው በ14 ነጥብ! 109 ላይ አለቀላቸው፤ ጨዋታው ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሳመርሴት በ111 ነጥብ አሸነፈ። ሕፃኑ ቮን በሁለቱ ተራ 11 ሰው አወጣ። አባባ በዊልቸራቸው ላይ ቆሙ። ቆሙ ስላችሁ በእህቴ ትከሻ ነው፤ ግን ቆሙ። ጓደኝየው ባንግላዴሻዊውን ወጣት አቀፈው፤ ለምን እንዳቀፈው እሱም የሚያውቅ አልመሰለኝም።

ዋንጫውን በመጨረሻ የወሰደው ያው ሰሪ ነው፤ ሳመርሴት ሦስተኛ ወጣ። ክለቡ እንደዚያ ነው፣ ደጋፊውም ለምዶታል።

እኔ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ወሬው አላባራም። በዚያ ጨዋታ ዳኞቹ የሻኪብ ክንድ ሲወረውር ከተፈቀደው በላይ ይታጠፋል ብለው ሪፖርት አድርገው ኖሯል፤ ተመርምሮ በታኅሣሥ 2024 በእንግሊዝ ውድድሮች እንዳይወረውር ታገደ። በመጋቢት 2025 እንደገና ተፈትኖ ነፃ ወጣ። ታዲያ በእግዱ ሰሞን እህቴ ደውላ ስትስቅ ትንፋሽ አጠራት። ጓደኝየው «ዘጠኙም ሰው ይሰረዝለት» ብሎ ለክለቡ ደብዳቤ ሊጽፍ ተነስቷል። አባባ ደግሞ «ያሸነፍነው እኛ፣ ምኑ ነው የሚሰረዘው?» ብለው ወረቀቱን ደብቀውበታል።

«የት ደበቁት?» አልኳት።

«እኔ ጋ» አለች። «በጋቢው ውስጥ።»