«ክሩን እኔ ባመጣስ?»

ባለፈው ሳምንት ማታ እራት ልበላ ስቀመጥ ቴሌግራሜ ጮኸ። ሱሉልታ ያለች ደንበኛ ናት። ልትወልድ ለተቃረበች ታናሽ እህቷ በኪሮሽ የሕፃን ብርድ ልብስ እንድሠራላት ጠይቃኝ ዋጋውን ነግሬያት ነበር፤ 4,200 ብር። «ውይ እህቴ፣ ክር እኮ ነው!» ብላ ጻፈች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፦ «እሺ፣ ክሩን እኔ ባመጣስ?»

ይህችን ጥያቄ በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሁሉ ያውቃታል። ልብስ ሰፊም፣ ጥልፍ ጠላፊም፣ ሹሩባ ሠሪም። ጠያቂዋ ክፉ ሰው አይደለችም። የሚታያት ክሩ ነው፤ ክር ይቆጠራል፣ ይመዘናል፣ ዋጋው ይታወቃል። ጊዜው የት ይታያታል?

መልስ ጽፌ አጠፋሁ። እንደገና ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ተናድጄ ነበር፣ ንዴቴም ልክ ነበር። ችግሩ ከእሷ መልእክት በፊት ስልኬ ላይ ተከፍቶ የነበረው ፋይል ነው። የዚያው ብርድ ልብስ ፓተርን፣ ማለትም የአሠራሩ መመሪያ፣ ነበር። አንዲት የማላውቃት ሴት፣ የትም አገር ትኑር፣ ሠርታ ፈትታ፣ ቆጥራ አስተካክላ፣ ፎቶ አንስታ በ6 ዶላር የምትሸጠውን ፓተርን እኔ ከአንድ የቴሌግራም ቻናል በነፃ አውርጄዋለሁ። አምስት ሳንቲም አልከፈልኩም። እንጀራው ደረቀ፣ እኔም መልስ ሳልሰጥ ተኛሁ።

እስቲ መጀመሪያ ስለ ራሴ ሰዓት ላውራ፣ ወደ ፓተርን ሠሪዋ ሰዓት በኋላ እመጣለሁ።

ብርድ ልብሱ ዘጠኝ ጥቅል ክር ይፈጃል። አንዱ ጥቅል 120 ብር፣ ዘጠኙ 1,080። የቀረው የእጄ ነው። ያለፈውን ስሠራ ከጉጉት የተነሳ ሰዓት ይዤ ነበር፤ 38 ሰዓት ወሰደብኝ። ያውም ሳይሳሳትብኝ፣ መብራትም ሳይጠፋ። አካፍሉት፤ ለአንድ ሰዓት 82 ብር ገደማ ነው። በዚህ ብር ከምኖርበት ከሰበታ ቦሌ ደርሶ መመለስም ጭንቅ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ሹራብ በማሽን ይሠራል። እኛው ሰፈር፣ ዓለም ገና ላይ፣ ቱርኮች ያቋቋሙት አይካ አዲስ ፋብሪካ ቲሸርቱን በማሽን አምርቶ አውሮፓ ሲልክ አይተናል። ኪሮሽ ግን እስከ ዛሬ በፋብሪካ ደረጃ የሚሠራ ማሽን አልተገኘለትም። በአንድ ቆልማማ መርፌ፣ አንድ ቀለበት ከሌላው እየሳቡ ማውጣት ነው፤ በገበያ ላይ «እንደ ኪሮሽ» የሚሸጡት የማሽን ሥራዎች ለዓይን ይመሳሰላሉ እንጂ አሠራራቸው ሌላ ነው። ስለዚህ ሱቅ ገብታችሁ እውነተኛ የኪሮሽ ቦርሳ በርካሽ ዋጋ ተሰቅሎ ካያችሁ፣ ቻይና ይሁን ሌላ አገር፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ ሠርቶታል። ርካሽ የሆነው ክሩ አይደለም።

እማዬ ዳንቴል ትሠራ ነበር። የሶፋው መደገፊያ፣ የቴሌቪዥኑ ልብስ፣ የሬዲዮው፣ የብርጭቆ መደርደሪያው፣ ሌላ ቀርቶ የውኃ ማሰሮው ክዳን ሳይቀር ነጭ ዳንቴል ለብሶ ነው ያደግኩት። የመጀመሪያ መርፌዋ የተሠራው ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ነበር፤ ጫፉን በሞረድ አሹላ፣ አጥፋ፣ ድንጋይ ላይ አለስልሳ። እንግሊዝኛ አታነብም፣ ፓተርን የሚባል ወረቀትም በእጇ ነክታ አታውቅም። ፓተርኗ የጎረቤት ዳንቴል ነበር። ቡና ተጠርታ ሄዳ አዲስ ነገር ካየች ዓይኗ እዚያው ይቀራል፤ ሦስተኛውን ስኒ ስትጨርስ «እስቲ አንድ ሌሊት አውሺኝ» ትላለች። ሌሊቱን በኩራዝ እያገላበጠች፣ ከመሐል ጀምራ በጥፍሯ ትቆጥራለች። ስድስት ሰንሰለት፣ መዝጋት፣ ከዚያ ዙሪያውን አሥራ ሁለት። ጠዋት ዳንቴሉ ታጥቦና በስታርች ደርቆ ይመለሳል። ባዶውን ግን አይመለስም፤ ወይ ቆሎ ወይ የተጋገረ አምባሻ ከላዩ ይቀመጣል። ሳህን ባዶውን እንደማይመለስ ሁሉ ዳንቴልም ባዶውን አይመለስም ነበር።

ይህንን የማነሳው የዱሮውን ለማሞገስ አይደለም። ያኔም የሚደበቅ ዳንቴል ነበር፤ እንዳይቀዳባት ብላ እንግዳ ሲመጣ አንስታ ሳጥን የምትከት ጎረቤት ነበረችን፣ እማዬ ስሟን ስታነሳ እስከ ዛሬ ትስቃለች። ነገር ግን የቀዳሽበትን ሰው ታውቂዋለሽ። ነገ ለቀብርም ለሠርግም አብራችሁ ትቆማላችሁ።

እኔ በኢንተርኔት ነው የተማርኩት። ከዩቲዩብ ጀመርኩ፣ ከዚያ ራቬልሪ የሚባለውን አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ፣ የሹራብና የኪሮሽ ሠሪዎች መሰብሰቢያ ነው፤ በ2020 አባላቱ 9 ሚሊዮን ገደማ ደርሰው ነበር። መመዝገቡ በነፃ ነው፣ ብዙ ነፃ ፓተርንም አለው። እዚያ ከፓተርኑ በላይ የጠቀመኝ ፓተርኑን የሠሩት ሰዎች ከሥሩ የሚጽፉት ነው። አንዷ «እጅጌው ይጠብባል፣ አራት ጨምሩ» ትላለች፤ ሌላዋ «ክሩ አለቀብኝ፣ ከተጻፈው አንድ ጥቅል ትርፍ ግዙ»። የቡና ላይ ወሬ ነው በሉት፣ ልዩነቱ ዕጣኑ የለም።

ታዲያ ፓተርኖቹ የሚያውቋት ደንበኛ እኔን አትመስልም። ክሩ ላይ ዓይነቱን የሚገልጽ ወረቀት አለ ብለው ያስባሉ። እነሱ ዘንድ የክር ውፍረት ከ0 እስከ 7 በቁጥር ይጻፋል፤ መርፌውም በሚሊ ሜትር፣ አሜሪካኖቹ ደግሞ በፊደል ይጠሩታል፣ ኤች ያሉት 5 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ ቡራዩ የምገዛው ክር ወረቀት የለውም። ሻጩን «ምንድነው?» ስለው «ሱፍ ነው» ይለኛል። ሁሉም ክር ሱፍ ነው እሱ ዘንድ። ስለዚህ ክብሪት ይዤ መሄድ ለመድኩ። ጫፉን ቆርጬ አቃጥላለሁ፦ የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ እውነትም ሱፍ ነው፣ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፣ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ከሆነ ፕላስቲክ ዘሩ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰውየው ሱቁን ላቃጥልበት የመጣሁ መስሎት ጮኸ። አሁን ክብሪቱን ራሱ ያቀብለኛል።

ደግሞ እንግሊዝኛው አለ። የእንግሊዞችና የአሜሪካኖች ኪሮሽ አንድ ቃል ለሁለት ነገር ይጠቀማል። አሜሪካኖቹ «ደብል» የሚሉት ክሩን አንዴ መርፌው ላይ ጠምጥመው የሚያነሱትን ረጅሙን ነው፤ እንግሊዞቹ በዚሁ ስም የሚጠሩት አጭሩን ነው። ይህንን ሳላውቅ ለአንዲት የቡራዩ እናት የሁለት ዓመት ልጅ ቀሚስ ከእንግሊዝ ፓተርን ሠራሁ። ስጨርስ የሰባት ዓመቷ ታላቅ እህት ለበሰችው፣ ያውም ልክክ ብሎ። እናትየው ሳቀች፣ እኔ አልሳቅኩም። ዘጠኝ ቀን የሠራሁትን በአንድ ምሽት ተረተርኩት። አሁን ፓተርን ስከፍት በመጀመሪያ የማየው የየት አገር መሆኑን ነው።

ወደ ፋይሉ ልመለስ። ለምን አልከፈልኩም? ሰበብ አለኝ፣ ግማሹ እውነት ነው። የእኛ የብር ካርድ ፓተርኑ የሚሸጥበት ድረ ገጽ ላይ አይሠራም። በዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝም፤ እኔ ያለኝ የብርና የቴሌብር ሒሳብ ነው። ደግሞ ዋጋው። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ 6 ዶላር ወደ 345 ብር ይሆናል። ዓመት ሳይሞላው ከ130 ብር በላይ ወጣ፤ ያው ፓተርን ከሦስት ጥቅል ወደ ስድስት ጥቅል ክር ዋጋ ዘለለ ማለት ነው።

ሌላው ግማሽ ግን ስንፍናና ድፍረት ነው። አልጠየቅኩም። ለሴትየዋ ጽፌ «ያለሁት ኢትዮጵያ ነው፣ እንዴት ልክፈል?» ብል ምን ትለኝ እንደነበር አላየሁትም። ቻናሉ በነፃ ሰጠኝ፣ ወሰድኩ። «ወረቀት እኮ ነው!» ብያለሁ በልቤ። «ክር እኮ ነው» ከሚለው በምን ይለያል?

አሁን ደግሞ አዲስ ጣጣ መጥቷል። በቅርቡ አንዲት የቡራዩ ደንበኛ የአንበሳ አሻንጉሊት ፎቶ ላከችልኝ፣ «ይህንን ቁርጥ አድርገሽ ሥሪልኝ»። ያምራል፣ ዓይኑ ያበራል። አጉልቼ ሳየው ጎፈሩ ውስጥ የክሩ ቀለበቶች ከየትም አይነሱም፣ የትም አይገቡም፤ አንዱ መዳፍ ስድስት ጣት አለው። ማንም ሠርቶት አያውቅም፣ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የወጣ ሥዕል ነው። እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ከሐሰተኛ ፓተርን ጋር ኢንተርኔት ላይ ይሸጣሉ፤ ከፍሎ ያወረደው ሰው ሦስተኛው ዙር ላይ ቁጥሩ አልገጥም ይለዋል። «እህቴ፣ ይህ አንበሳ የለም» ስላት መሥራት የማልችል መሰልኳት። ሌላ ሠሪ ፍለጋ ሄደች። ታገኝ ይሆናል፤ የተገኘው ሰው ግን ያንን አንበሳ አይሠራም።

ስለ ጎረቤቴ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ የመርሐ ዕውራን ከተማ ናት፣ ዓይነ ስውር ጎረቤት ማግኘት እዚህ ብርቅ አይደለም። የእኔዋ ኪሮሽ ከእኔ ቀድማ የቻለች ናት። ስልኳ ጽሑፍ ያነብላታል፤ ፓተርኑ በሥዕል ከሆነ ግን ዝም ይላል። በምልክት የተሣለ ፓተርን ለእኔ ከእንግሊዝኛው ይቀለኛል፣ ለእሷ ባዶ ገጽ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ራቬልሪ መልኩን ሲቀይር ብዙ ተጠቃሚዎች ራስ ምታት አመጣብን፣ ከሚጥል በሽታ ጋር የሚኖሩም አመመን ብለው መጮኻቸውን ሳነብ መጀመሪያ የታሰበችኝ እሷ ናት። ድረ ገጽ መቀባት እንደ ቤት መቀባት ይመስለን ነበር፤ ለካ በሩንም ሊዘጋ ይችላል።

እና እኔ እያነበብኩ በአማርኛ በድምፅ እልክላታለሁ። «አራተኛው ዙር፦ ሦስት ሰንሰለት፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ረጅም፣ መጨረሻ ላይ ዝጊ።» በማግስቱ ሥራዬን ይዤላት እሄዳለሁ። በሁለት ጣት ጠርዙን ይዛ ዙሪያውን ታዞረዋለች፣ ትቆማለች። «ሰባተኛው ላይ አንድ ዘለልሽ።» እቆጥራለሁ። ዘልያለሁ።

ስለ ፋይሉ የነገርኳትም እሷን ነው። ክሯን ሳታቆም «ታዲያ ሳህኑን ባዶውን ልትመልሺ ነው?» አለችኝ። እማዬን አታውቃትም፤ ስለ ዳንቴሉም ነግሬያት አላውቅም።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች የአክስቴ ልጅ አለችኝ። ደወልኩላት። ራቬልሪ ላይ ፓተርን ገዝቶ ለሌላ ሰው በስጦታ መላክ ይቻላል፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ብሩን ልላክ ስላት «በርበሬ ላኪልኝ» አለች። ሁለት ኪሎ በሰው ሰደድኩላት። የ6 ዶላር ፓተርን በስንት ብር በርበሬ እንደተገዛ ለማስላት አልደፈርኩም፣ እናንተም አታስሉት። ከቻናሉ ያወረድኳቸው ሌሎች ሃያ ሦስት ፋይሎች አሁንም ስልኬ ላይ አሉ፣ ልዋሻችሁ አልችልም። አሥራ አንዱን ያወጡት ሰዎች ነፃ ፓተርንም እንዳላቸው አየሁ፤ ከእነሱ እጀምራለሁ።

አሁን የሱሉልታዋ እህቴ፣ ስድስት ቀን ስላስጠበቅኩሽ ይቅርታ። ይህንን ረጅም ጽሑፍ የጻፍኩት ለአንቺ መልስ ለመስጠት ነው ማለት ይቻላል። ክሩን ብታመጪ ደስ ይለኛል፤ ጥጥ ይሁን፣ ዘጠኝ ጥቅል፣ ስትገዢ አንድ ጫፍ አቃጥለሽ እዪው፣ ከቀለጠ ተዪው። ያኔ ዋጋው 3,120 ብር ነው። ልጁ ከመወለዱ በፊት ይደርሳል። የሱሉልታ ብርድ አይታመንምና የሕፃን ባርኔጣ እኔ እመርቅልሻለሁ።