ኮርማውስ ተመርምሯል?

ባሕር ማዶ ዘንዶ የሚያረቡ ሰዎች አሉ ብንላችሁ ታምኑናላችሁ? አሉ። እኛ ድመት እንደምናሳድገው እነሱ ዘንዶ በመስታወት ሣጥን ያሳድጋሉ፤ ያራባሉ፤ ይሸጣሉ። ታዲያ ሴቷ እንቁላል መያዝ አለመያዟን እንዴት የሚያውቁ ይመስላችኋል? አንዳንዱ በጣቶቹ መካከል ቀስ አድርጎ ያሳልፋትና ሆዷ ውስጥ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩትን እብጠቶች ይዳስሳል። ገንዘብ ያለው በአልትራሳውንድ ያያታል። ከዚያ ቆዳዋን የምትገፍበትን ቀን ይጠብቃል። ዘንዶዋ ቦል ፓይተን የሚሏት አፍሪካዊት ከሆነች፣ ከዚያ ቀን አንስቶ አንድ ወር ገደማ ይቆጥርና እንቁላሏን ይረከባል። ይህ ሁሉ ደግሞ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ከወንዱ ጋር መቼ ተገናኘች? ምግብ መቼ ተወች? ቆዳዋን መቼ ገፈፈች?

እኛ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እየተባልን ያደግን ልጆች፣ ቪዲዮውን ስናይ ስልኩን ልንወረውረው ምንም አልቀረንም ነበር። ዘንዶውን እንደምንም ቻልነው። የከነከነን ግን ደብተሩ ነው። ለአንዲት ዘንዶ እንዲህ ቀን እየተቆጠረ፣ እየተዳሰሰ፣ እየተጻፈ... እኛ ዘንድ ስንቷ ሴት፣ በሁለት እግርም በአራት እግርም የምትሄደው፣ ምንም ሳይቆጠርላትና ሳትመረመር «መካን» ተባለች?

እስቲ ወደ መርጡለ ማርያም እንውሰዳችሁ።

*

በ2014 ዓ.ም. በጋዜጠኝነት ተመረቅን። (ሥራስ? አትጠይቁን።) በዓመቱ ለጥምቀት ወደ እናታችን አገር ወጣን። መርጡለ ማርያምን የማታውቁ ካላችሁ፣ በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ንግሥት እሌኒ ያሠሩት ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ፣ ከነውብ የድንጋይ ቅርጹ፣ እዚያ ይገኛል። ሰው ስለ ቅርጹ ሊጠይቅ ይመጣል። እኛ ስንመጣ ግን የምንጠየቀው እኛው ነን፤ ጥያቄዎቹም ሁለት ናቸው። «ሥራ ያዝሽ?» እና «ባልስ?»

አክስታችንን እትዬን ግን ማንም ምንም አይጠይቃትም። እሷን መጠየቅ ካቆሙ ቆይተዋል። በልጅነቷ ተዳረች፤ ስድስት ዓመት ባሏ ቤት ኖረች፤ አልወለደችም። «መካን ናት» ብሎ ወደ እናቷ ቤት መለሳት። እሱ ሌላ አገባ። ያቺኛዋም አልወለደችም። እሷም «መካን» ተባለች። ሁለት ሴቶች ስም ወጣላቸው፤ እሱ ግን እስካሁን በአገሩ ስመ ጥር ሰው ነው።

ቤቱ የአያታችን የእማሆይ ነው፤ ቆብ ከደፉ ቆይተዋል። ከብቶቹን የሚጠብቀውና የሚያርሰው አጎታችን ጋሼ ነው። በዚያ ሰሞን የቤቱ ወሬ ስለ ዳለቻ ነበር። ዳለቻ ላም ናት። ሁለት ጊዜ ወልዳለች፤ ከሁለተኛው ጥጃዋ በኋላ ግን ሁለት ዓመት አለፋት። ወተቷ ነጥፏል። ጋሼ ቁርጡን ተናገረ፦ «መክናለች። ለፋሲካ ሥጋ ትሁን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቅምት 10፣ እማሆይ «የጥቅምቱ መስቀል ዕለት» ይሉታል፣ ዳለቻ ኮርማ ፈለገች። ሌሊቱን ስትጮህ አደረች፤ ጠዋት ከሌሎቹ ላሞች ላይ ትወጣ ጀመር፤ ሲወጡባትም ዝም ብላ ቆመች። (ዋናው ምልክት ይህ ነው፤ የሚወጣው ሁሉ ሳይሆን ሲወጡባት ጸንታ የምትቆመው ናት ኮርማ የፈለገችው።) ጋሼ ጎረቤት ካለ ኮርማ ዘንድ ወሰዳትና ተጠቃች። ላም ካልያዘች በ21 ቀን ገደማ ተመልሳ ትፈልጋለች። ኅዳር 1 ሲደርስ ዳለቻ ዝም አለች። ቤቱ ደስ አለው። ኅዳር 22 ላይ ግን አንዲት ጊደር ላይ ስትወጣ ጋሼ በዓይኑ አየ። በቃ። ፍርዱ ያን ቀን ተፈረደ።

እኛም ፍርዱን አጸደቅን። ለነገሩ ምን እናውቃለን? የተማርነው ዜና መጻፍ ነው። «ምንጭህን አረጋግጥ፤ አንድ ምንጭ ምንጭ አይደለም» ተብለን አራት ዓመት ፈጅተናል። ሆኖም አንዲት ላም ለቢላዋ ስትታጭ፣ ከአንድ ምንጭ በተገኘ መረጃ፣ አንገታችንን ነቅንቀን ተስማማን።

*

የጥምቀት ማግስት አንድ ወጣት አዳቃይ ቴክኒሻን በመንደሩ ያልፍ ነበር። ጋሼ ጠራውና ለመሸጥ ከመወሰኑ በፊት አንድ የመጨረሻ ሙከራ ጠየቀው፦ «ያቺን የምትወጉትን መድኃኒት ውጋልኝ። ኮርማ ትፈልግና እንሞክራት፤ እምቢ ካለች ትሸጣለች።»

መድኃኒቱ ሆርሞን ነው። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በብዙ የአገራችን ወረዳዎች ላሞችን በአንድ ሰሞን ኮርማ እንዲፈልጉ አድርጎ በዘመቻ ለማዳቀል ሥራ ላይ ውሏል። በዚያው ሰሞን በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተቀመጠው የኮርማ አባላዘር ከታንኩ ይወጣና ቴክኒሻኑ ያዳቅላታል። ጥሩ ነገር ነው። ግን አንድ አደጋ አለው። ላሟ እርጉዝ ከሆነች መድኃኒቱ ያስወርዳታል።

ልጁ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠና መርፌ ሳያወጣ ጥያቄ ጀመረ።

«መቼ ነው የተጠቃችው?»

«በጥቅምቱ መስቀል» አሉ እማሆይ።

«ከዚያ ወዲያ ስንት ጊዜ ፈለገች?»

«አንዴ።»

«እሷ ወጣች ወይስ ሲወጡባት ቆመች?»

ጋሼ ዝም አለ። አላየም። እሷ ስትወጣ ነው ያየው።

ልጁ ሳቅ ብሎ አስረዳን። እርጉዝ ሆና ሳለ አልፎ አልፎ ኮርማ የምትፈልግ የምትመስል ላም አለች። በተቃራኒው ደግሞ ዝም ያለችው ሁሉ ይዛለች ማለት አይደለም። የአገራችን ላም ፍላጎቷ አጭር ነው፤ ሌሊት መጥቶ ሌሊት ሊያልፍ ይችላል፤ ሰው ሳያየው። ክረምቱን መኖ ካጣች፣ ጭድ ብቻ እያኘከች ከከረመች፣ ከሥጋዋም ከጎደለች፣ ማህፀኗ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ኮርማ መፈለግ ልታቆም ትችላለች። ያቺ ላም የራባት እንጂ የመከነች አይደለችም።

ቀጥሎ ረጅሙን የፕላስቲክ ጓንት እስከ ትከሻው ሳበ፤ በሳሙና ውኃ አለሰለሰው። ጋሼ ቀንዷን ያዘ። ጅራቷን እትዬ ያዘች።

እማሆይ ፊታቸውን አዞሩ። «እጅህን እዚያ ከተህ ምን ልታይ ነው ልጄ?»

«እማሆይ፣ ዓይን የማያየውን ጣት ያየዋል።»

በፊንጢጣዋ በኩል እጁን ቀስ አድርጎ አስገባ። መጀመሪያ እበቱን አወጣ። ማህፀኑ ከስር ነው፤ በአንጀቱ ግድግዳ በኩል ይዳሰሳል። የለመደ እጅ ከሁለት ወር ገደማ ጀምሮ በእርግጠኝነት ይለየዋል። ባዶ ከሆነ ሁለቱ የማህፀን ቀንዶች እኩል ናቸው፤ ከያዘች አንደኛው ይወፍራል፤ ውኃ እንደሞላ ፊኛ ይሆናል። ቸኩሎ የሚጨብጥ እጅ ግን ጽንሱን ሊጎዳ ስለሚችል ሥራው የትዕግሥት ነው። ትምህርት ቤት ሲማሩ መለኪያቸው በእንስሳ እንደሆነ ነገረን። ሁለት ወር ላይ ጽንሱ አይጥ ያህላል፤ ሦስት ወር ላይ ትልቅ አይጥ፤ አራት ወር ላይ ትንሽ ድመት፤ አምስት ወር ላይ ትልቅ ድመት። (ድመቱና አይጡ ያለ ጠብ አንድ ማህፀን ውስጥ ሲውሉ ይታያችሁ።)

እማሆይ የሚያውቁት ዘዴ ሌላ ነው። ከስድስተኛው ወር በኋላ የላሟን ቀኝ ጎን በጡጫ ገፋ ሲያደርጉ፣ ውስጥ ያለው ጠጣር ነገር ተመልሶ እጅን ይመታል። በግራ በኩል ጨጓራዋ ስላለ አይሆንም። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ ደግሞ ግቷ ያብጣል፤ ጅራቷ ሥር ያለው ይላላል። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ግን ስድስት ወር ሳይሞላ ፋሲካ ይደርሳል። ቢላዋው ከዘዴያቸው ይቀድማል። ከታረደች በኋላ ሆዷ ውስጥ ጥጃ ተገኘ ሲባል የሰማ በመካከላችሁ አይጠፋም።

ልጁ ክንዱን ሳያወጣ ቆየ። ማንም አልተናገረም። ከዚያ፦

«ይዛለች። ሦስት ወር።»

ጋሼ ቀንዷን ለቀቀ። «መርፌውስ?»

«መርፌው ቢወጋ ኖሮ ይሄኔ ታስወርድ ነበር ጋሼ።»

*

እማሆይ እልል አሉ። እኛ ስልካችንን አውጥተን ቀኑን ቆጠርን። ላም 280 ቀን ገደማ ትሸከማለች። ከጥቅምት 10 ብትነሱ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን፣ ሐምሌ 20 ላይ ትደርሳላችሁ። «የሐምሌ ገብርኤል ማግስት» አሉ እማሆይ፤ ከስልካችን ቀድመው።

ልጁ ጓንቱን ገልብጦ እያወለቀ ሳለ እትዬ ተናገረች። የላሟን ጅራት ገና አልለቀቀችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ላሟ ባትይዝ ኖሮስ፣ ኮርማውንም ትመረምሩታላችሁ?»

«እንዴታ!» አለ ልጁ፤ ጥያቄው ከየት እንደመጣ አላወቀም። «ብዙ ላሞች ተጠቅተውለት አንዷም ካልያዘች መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ለማዳቀያ የሚሆኑት ኮርማዎችማ አባላዘራቸው ሳይቀዘቅዝ በፊት በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ የደከመው ይጣላል።» ቃሊቲ ያለውን የማዳቀያ ማዕከል ጠቀሰላት፤ በ1970ዎቹ የተቋቋመውን።

«ኮርማው ይመረመራል» አለች እትዬ። ለእሱ ሳይሆን ለራሷ። ጅራቱን ለቀቀችና ቡና ልታፈላ ገባች።

እኛ የመናገር ዲግሪ የያዝን ሰዎች አንድ ቃል ጠፋን። ጋሼም ዝም አለ። የባሏን ስም ማንም አላነሳም፤ ግን ግቢው ውስጥ የቆመ ያህል ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንብበናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ የመካንነት ችግር ይገጥመዋል። «ሰዎች» ነው የሚለው፤ «ሴቶች» አይልም። ባልና ሚስት ልጅ ሲያጡ፣ ከግማሽ በሚጠጋው ላይ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ይገኛል። የወንዱ የመጀመሪያ ምርመራ ደግሞ ከሴቷ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ዘሩን በማይክሮስኮፕ ማየት። ልክ እንደ ቃሊቲ ኮርማ። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። እትዬ ስትመለስ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ቢኖርም ማን ይወስዳት ነበር? ማንስ «አንተም ና» ይለው ነበር?

ዳለቻ ዕድለኛ ናት። የተጠቃችበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ነበራት፤ ከመወጋቷ በፊት የሚጠይቅ ባለሙያ ነበራት። እትዬ ላይ የተፈረደው ግን ማንም አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ ነው። እኛም ወደዚያ ቤት ስንት ዓመት ስንመላለስ፣ «ለምን አልወለደችም?» የሚለውን ሰምተን «ማን መረመረ?» ብለን አልጠየቅንም። ጋዜጠኛ ነን እንላለን ደግሞ።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ለእናንተ አንዲት ነገር ብቻ። በሚቀጥለው ሠርግ፣ ለቅሶ ወይም ክርስትና ላይ «እስካሁን አልወለደችም እኮ» የሚል ሰው አጠገባችሁ ሲቀመጥ፣ ሻዩን አቀብሉትና «እሱስ ተመርምሯል?» በሉት። ወሬው እዚያው ይቆማል። ሞክረነዋል።

*

ሐምሌ 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ስልካችን ጮኸ። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 28፣ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ መርጡለ ማርያም አልተመለስንም። ያን ቀን ግን መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። እትዬ ናት።

«ወለደች። ሴት ጥጃ።»

«እልል! እንኳን ደስ አላችሁ እትዬ! ዳለቻስ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። እንገር ልንበላ ነው።» ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ስትስቅ ሰማናት፤ ለረጅም ጊዜ ስትስቅ ሰምተናት አናውቅም።

«ኮርማውም ደህና ነበር ማለት ነው» አለችን።