አሥራ አራት ካስማ

ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እንግሊዝ አገር፣ ከምንኖርበት ከተማ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ሐይቅ፣ ካርፕ ልናጠምድ ሄድን። ሁለት ሌሊት ልናድር ነው። ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባለች፤ ውሃው ረግቶ ዘይት መስሏል።

ገና ከመኪናው ሳንወርድ "ድምፅ እንዳታሰማ፤ ዓሣው ይሰማል" አልኩት። ልጅ ነውና የተባለውን አመነ። በእግሩ ጣት እየረገጠ ዕቃውን አንድ በአንድ አመላለሰ። እኔ ከውሃው ጠርዝ ሁለት እርምጃ ላይ ድንኳኑን ዘርግቼ ካስማውን በመዶሻ መምታት ያዝኩ።

መሃል ላይ እየሮጠ መጣ። "አባዬ፣ አባዬ! ና እየው፣ አረፋ!"

"ዝም በል አላልኩህም?" አልኩና ወደ መዶሻዬ ተመለስኩ።

አረፋው ምን እንደሆነ እኔ አውቅ ነበር። ካርፕ ጭቃውን በአፉ እየቆፈረ ሲመገብ ከሥር የታመቀው ጋዝ እየተንቦቀቦቀ ይወጣል። ዓሣው እግራችን ሥር ገበታ ላይ ነበር ማለት ነው። ድንኳኑን ጨርሼ ሳይ አረፋ የለም። ሌሊቱን ሙሉ ዘንጉ ላይ ያሰርኳት ማንቂያ አንዴም አልጮኸች።

ጠዋት ከጎናችን ያደረው ሽማግሌ አጥማጅ ሻይ ይዞ መጣ። ልጁ ተኝቷል። "አሥራ አራት ካስማ መታህ። ቆጠርኩልህ" አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እሱም እንደኔ ባዶ እጁን ነው ያደረው። መጀመሪያ ዘንግህን ጣል፤ ድንኳኑን ወደ ኋላ ራቅ አድርገህ ትከል፤ አፈሩ ዝናብ ጠግቧል፣ ካስማው በመዳፍ ይገባል አለኝ። ወደ ድንኳኑ በአገጩ እያመለከተ "ልጁ ቢዘፍን እንኳ ግድ አልነበረኝም" አለ።

ኋላ አንብቤ ተረዳሁት። አየር ላይ የምናወራው አብዛኛው የውሃው ገጽ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። መሬት ላይ ያረፈ ምት ግን በዳርቻው አፈር በኩል ውሃው ውስጥ ይዘልቃል፤ እዚያ ደግሞ ድምፅ ከአየር ይልቅ ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ካርፕ ሆዱ ውስጥ ያለውን የአየር ከረጢት ከውስጥ ጆሮው ጋር የሚያገናኙ ትንንሽ አጥንቶች አሉት፤ በጀርመናዊው ሐኪም በኤርንስት ሃይንሪሽ ቬበር ስም ይጠራሉ። በእነሱ የተነሳ ከብዙ ዓሣ የበለጠ ይሰማል። እኔ የዚህን ፍጡር ቤት ነው አሥራ አራት ጊዜ ያንኳኳሁት። አሥራ አራት ካስማ አለኝ እንጂ፣ አንዱ ካስማ ስንት ምት እንደበላ ሽማግሌው አልነገረኝም።

ይሄ ሁሉ አላዋቂነት ነው፤ ይቅር ይባላል። የማይቀለኝ ሌላው ነው። ሁለተኛውን ሌሊት ትተን ስንመለስ፣ ከኋላ ወንበር "አባዬ፣ እኔ ስላወራሁ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ሽማግሌው ከነገረኝ ሦስት ሰዓት አልሞላም። መንገዱን እያየሁ "በሚቀጥለው ትጠነቀቃለህ" አልኩት።

አሁን አሥራ ስድስት ሞልቶታል። ይህን በአማርኛ የምጽፈው ማንበብ እንደማይችል ስለማውቅም ጭምር ነው። ባለፈው ወር ሐይቅ እንሂድ አልኩት። "እኔ እኮ ወሬኛ ነኝ፣ ዓሣህን አባርርብሃለሁ" ብሎ ሳቀ።

እኔም አብሬው ሳቅሁ።