ሽፈራውና ኪኒኑ

ኪኒኖቹን ያገኘኋቸው የእማዬን ቁም ሳጥን ሳጸዳ ነው። ከነጠላዎቿ ስር፣ ከነማሸጊያቸው፣ የስምንት ወር የደም ብዛት መድኃኒት። አንዱም አልተነካም። ጠረጴዛው ላይ ግን ከአርባ ምንጭ የመጣላት የሽፈራው ዱቄት ሊያልቅ ደርሷል።

«እማዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?» ስላት ቆጣ አለች።

«ምንም ሳያመኝ ኪኒን ልቃም እንዴ? ሽፈራዬን እየጠጣሁ ይኸው ደህና ነኝ አይደል?»

በዚያው ቀን ስትለካ 184 በ106 ሆነ።

መጀመሪያ የተናደድኩት በሽፈራው ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ቅጠሉ ምን አጠፋ? ኮንሶዎች እንደ ጎመን ቀቅለው የሚበሉት ነው። እኛንም ያሳደገችን በቅጠል ነው፤ ምች ሲመታን ዳማከሴ አሽታ፣ ሆዳችንን ሲቆርጠን ጤና አዳም ቡና ውስጥ ነክራ። ይሻለንም ነበር። አያቴ ደግሞ ኮሶ ታጠጣ ነበር። በጠዋት በባዶ ሆድ የተጠጣ ኮሶ ሥራውን ሲጨርስ ትሉ ወጥቶ በዓይን ይታያል። ቅጠል ነው ብላ ግን አትንቀውም፤ ነፍሰ ጡር ሴት እንድትቀምሰው አትፈቅድም ነበር።

ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። የእነዚህ ሴቶች እውቀት የተፈተነው አሞ በሚሽር በሽታ ነው። ያምሻል፣ ትጠጫለሽ፣ ይሻልሻል። ደም ብዛት ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሳያሳምም ልብን፣ ኩላሊትን፣ አንጎልን ለዓመታት ይጎዳል። «ደህና ነኝ» ማለት ለምች ማስረጃ ነው፤ ለደም ብዛት አይደለም። ለሱ ማስረጃው መለኪያው ነው።

ኩላሊቷ መጎዳት መጀመሩ ሲነገረን እማዬ ዝም አለች። ቀደም ሲል ያያት ሐኪም ፊቱን አኮሳትሮ «የባህል መድኃኒት ይወስዳሉ እንዴ?» ሲላት «ኧረ በፍጹም!» ብላው ነበር። አሁን ያገኘናት ነርስ ግን አጠገቧ ቁጭ ብላ «እናቴ፣ ቤት ውስጥ ምን ምን ይጠጣሉ?» አለቻት። እማዬ ሁሉንም ዘረገፈችው። ነርሷ አልሳቀችባትም። ሽፈራው ኪኒኑን እንደማይተካ፣ አንዳንዱ ቅጠል ከኪኒን ጋር ስለማይስማማ የምትጠጣውን ሁሉ መናገር እንዳለባት ቀስ ብላ አስረዳቻት።

እኔም ብሆን በስልክ «ኪኒንሽን ዋጥሽ?» ከማለት ሌላ ምንም ጠይቄያት አላውቅም። እሷም «ዋጥኩ» ትለኛለች፤ ጨረስን።

አሁን ኪኒኑና የሽፈራው ቆርቆሮ አንድ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። አጠገባቸው ደብተር አለ፤ የተለካችውን ራሷ ትጽፍበታለች። ባለፈው ማክሰኞ 136 በ84 ነበር።

«አየሽ? ሽፈራው ነው» አለችኝ።

ኪኒኗን ውጣ ነበር። አልተከራከርኳትም።