ሳናቅደው የገባንበት ሥራ



አንዳንድ ቅዱሳን “ፓስተር፣ እርስዎ የማስታወቂያ ሥራ ይሠራሉ አሉ፤ እውነት ነው?” እያሉ ይጠይቁናል። እውነት ነው። ባልና ሚስት ሆነን፣ እዚሁ ሁምቦ ጠበላ ተቀምጠን፣ ለነጋዴዎች በፌስቡክና በቴሌግራም ማስታወቂያ እንሠራለን። ከሥነ መለኮት ኮሌጅ በተመረቅንበት ዘመን ፌስቡክ የሚባል ነገር ስላልነበረ፣ አቅደን ገባንበት ማለት አንችልም።

አጥቢያችን የገበሬ ጉባኤ ነው። መኸር ሲገባ አሥራቱ ይመጣል፣ በሌላው ወር ይሳሳል። የገጠር አገልጋይ ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ ለማማረር አንናገረውም። የኮንፈረንስ ጥሪ ጽፈን ስንለጥፍ አንድ የቆርቆሮ ነጋዴ አይቶ “ለእኔም እንዲህ አድርጋችሁ ጻፉልኝ” አለን። ጻፍንለት። ከዚያ ልብስ ሰፊው መጣ፣ ቀጥሎም ቅቤ ነጋዴዋ፣ በኋላም ከሶዶ የሚደውሉ በዙ። ለአንድ ዕቃ ሁለት ጽሑፍ እናዘጋጃለን፤ አንዱን በአማርኛ፣ አንዱን በወላይትኛ። ወላይትኛው ራሱ ጣጣ አለው። ሽማግሌዎቹ ከአዲስ ኪዳን የለመዱት በፊደል ነው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት የተማሩት በላቲን ነው። ቅቤ ለመሸጥ ሁለቱንም ማስደሰት ያስፈልጋል።

የሁምቦ ሰው እንዲህ ላለው ነገር እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገበሬዎቻችን በወርልድ ቪዥን ድጋፍ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከልለው፣ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው መጠበቅ ጀመሩ። አብዛኛውን ዛፍ እንደ አዲስ አልተከሉትም፤ መሬት ውስጥ የቀረው ጉቶ ሲያቆጠቁጥ እየገረዙ አሳደጉት። በኋላ ደኑ ከአየር የሰበሰበውን ካርቦን ለዓለም ባንክ ፈንድ ሸጡ። አየር እንሸጣለን ብሎ ያቀደ ገበሬ አልነበረም። እኛም ለሃያ ዓመት ስብከት ስንጽፍ፣ ሰው በምን ቃል እንደሚሰማና በምን ቃል እንደሚሰለች ስንማር፣ ጉቶው ከሥር እንዳለ አላወቅንም።

ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ማስታወቂያው ለብዙ ሰው እንዲታይ በዶላር ይከፈላል፤ እኛ ዘንድ ያለው የባንክ ካርድ ደግሞ አይሠራም። ስለዚህ የውጭ ካርድ ላለው ሰው በቴሌብር ልከን እሱ ይከፍልልናል። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ነጋዴው ግን በድሮው ዋጋ ሊከፍል ይፈልጋል። ከዚያ በፊት በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ሲዘጉ እስከ ሐምሌ ድረስ ገቢያችን ቆሞ ነበር። በእነዚያ ወራት ምዕመናን በቆሎና ስኳር ድንች እያመጡ በር ላይ ያስቀምጡልን ነበር። የሐዋርያት ሥራ 18 ላይ ጳውሎስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ እንደነበር ስናነብ፣ ገበያ የጠፋበት ወርም ይኖረው ይሆን እያልን እናስባለን። በዚያው ምዕራፍ ሲላስና ጢሞቴዎስ ከመቄዶንያ ይመጡለታል፤ ለእኛ የመጡት የጎረቤት እናቶች ናቸው።

ከሁሉ የከበደን ግን የዋጋው ነገር አይደለም። ዘንድሮ አንድ ደላላ ወደ አረብ አገር የሚሄዱ ሴቶች እንፈልጋለን የሚል ማስታወቂያ አሠሩልኝ ብሎ መጣ። ያቀረበው ክፍያ ከሦስት ወር ገቢያችን ይበልጣል፤ ጊዜው ደግሞ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ የደረሰበት ነበር። ፈቃድህን አሳየን አልነው፤ የለውም። በአዋጅ 923/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ ሠራተኛ ወደ ውጭ መላክ ክልክል ነው፤ የማስታወቂያ አዋጁም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። እሱ ግን “ፓስተር፣ እናንተ ጽሑፉን ብቻ ጻፉ፤ ሌላው የእኔ ጉዳይ ነው” አለ። የምንጽፈው ሰው የሚያምነን ስለሆነ ነው። እሑድ መድረክ ላይ የሚያየው ያው ሰው ማክሰኞ ስልኩ ላይ ሲያገኘን ቃላችንን አይለያይም። ባለቤቴም ገና እኔን ሳታየኝ “አንሠራም” አለችው።

ደላላው ሌላ ጸሐፊ አገኘ። ማስታወቂያው ወጣ፣ እኛም ስልካችን ላይ አየነው። ከሥሩ “እንዴት ልመዝገብ?” ብለው ከጻፉት መካከል አንዷ ከመዘምራኖቻችን ናት። በማግስቱ ቤታቸው ሄደን ከእናትና ከአባቷ ጋር ቡና ጠጣን፤ የምናውቀውን ሁሉ ነገርናቸው። አባትየው መሬቱ ለአራት ልጆች እንደማይበቃ ነገረን፤ እኛም መልስ አልነበረንም። እሷ በቅርቡ ቤታችን እየመጣች ፎቶ ማንሳትና ጽሑፍ መሥራት ጀምራለች፤ ጎበዝ ናት፣ ግን ገና አልወሰነችም። ስሟን አንጽፍም፤ ጸልዩላት።