«ፋይሉ ትክክል አይደለም»

ባለፈው ወር ጎረቤቴን እማማን ይዤ ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ወዳለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። የሟች ባለቤታቸውን ጉዳይ የያዘው መሥሪያ ቤት ሰነዱን በድረ ገጽ አስገቡ ብሏቸዋል፤ ቀኑም የመጨረሻው ነበር። የሞት ምስክር ወረቀቱ ስካን ተደርጎ «የአባባ ምስክር ወረቀት» በሚል ስም ተቀመጠ። አፕሎድ ሳደርገው «ፋይሉ ትክክል አይደለም» አለኝ። ሦስቴ ሞከርኩ፤ ያው ነው።

«ወረቀቱ የውሸት ነው እያለ ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

የቤቱ ልጅ ፈገግ ብሎ የፋይሉን ስም «1» አለው። ወዲያው ገባ።

እንዲህ ያለ ብልሽት ከየት እንደሚመጣ ይታወቃል። ለምሳሌ በፓይተን የተሠሩ ብዙ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት «ሴኪዩር ፋይልኔም» የሚባል መሣሪያ አለ። ሥራው የፋይልን ስም ከአደገኛ ምልክቶች ማጽዳት ነው። ሲያጸዳ ግን የግዕዝ ፊደልንም አብሮ ይጠርጋል። በአማርኛ የተሰየመ ፒዲኤፍ ከዚያ ሲወጣ ቅጥያው ብቻ ይቀረዋል፤ ነጥቧ እንኳ አትተርፍም። ቀጣዩ ኮድ የፋይሉን ዓይነት ከነጥቧ ቀጥሎ ሲፈልግ ያጣውና ሰነዱን ይመልሰዋል።

ይህን ለመያዝ ዩኒት ቴስት የሚባለው በቂ ነው። የፕሮግራሙን አንድ ክፍል ነጥሎ፣ የውሸት ፋይል ሰጥቶ፣ መልሱን ማየት ነው። ባዶ ፋይል ስጠው። ከተፈቀደው መጠን በ1 ባይት የሚበልጥ ስጠው። ፎቶ መስሎ የመጣ ፕሮግራም ስጠው። በአማርኛ የተሰየመ ስጠው። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን የውጭ መማሪያዎች ሁሉ ያስተምራሉ። አራተኛውን ግን እኛ ካልጻፍነው ማንም አይጽፍልንም። ደቂቃዎች የሚፈጅ ሥራ ነው።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የንግድ ባንክ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ሲያወጡ አገር ሰማ። ባንኩም የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ችግር መሆኑን ተናገረ። ጉዳቱ ተቋም ላይ ሲያርፍ ስህተቱ የሲስተሙ ነው ይባላል። እማማ ላይ ሲያርፍ ግን «ትክክል ያልሆነው» የእሳቸው ወረቀት ነው። ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤት ቢመለሱ ኖሮ መዝገቡ «ሰነድ አላቀረቡም» ይል ነበር።

ስለዚህ በየጊዜው አዲስ ሲስተም ሲመረቅ፣ ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት አንድ ሰው ይጠይቅልን፦ በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ሰጥታችሁት ታውቃላችሁ?