ቁጥር 702

ከገዳም ሕይወት በሕጋዊ መንገድ የወጣ ሰው፣ ማኅበሩ ውስጥ ለሠራው ሥራ ምንም ነገር መጠየቅ አይችልም። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕገ ቀኖና ቁጥር 702 ይህን ይላል። በቃሌ የያዝኩት ለፈተና ብዬ አይደለም። አብራኝ ለኖረች እህት፣ ደሞዟን ለዓመታት እየተቀበልኩ ወደ ማኅበሩ ካዝና ላስገባሁላት ሴት፣ ከወንበሬ እንኳ ሳልነሳ ያነበብኩላት እኔ ነኝ።

ያኔ የቤታችን ሒሳብ ያዥ ነበርኩ። ለማያውቀው ላስረዳ፤ ማሕላ የገባች እህት ሠርታ የምታገኘው ገንዘብ የማኅበሩ ነው፤ ማኅበሩ በበኩሉ ከሳሙና እስከ ሕክምና የሚያስፈልጋትን ሁሉ ይችላታል። ውስጡ ለሚኖር ክፉ ሥርዓት አይደለም። ኖሬበታለሁ፣ ጎድሎብኝ አያውቅም። የሚከብደው የመውጣት ነገር የመጣ ዕለት ነው። በስምሽ የተከፈተ የባንክ ደብተር የለሽም። ልጅ እያለሽ ትተሽው የመጣሽው ቤትም አንቺን ለእግዚአብሔር ሰጥቶ ካረፈ ቆይቷል።

እሷ ነርስ ነበረች። ገጠር ባለው ክሊኒካችን፣ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትመጣ ቀድማ የምትነሳው እሷ ነበረች። ጊዜያዊ ማሕላዋ ሲያልቅ «አላድስም» አለች። ይህ መብቷ ነው። ጊዜያዊ ማሕላ ከ3 እስከ 6 ዓመት የሚቆየው ለዚሁ ነው፤ ሰውየውም ማኅበሩም አይተው እንዲወስኑ። አላመፀችም፣ አላጠፋችም፣ ማንንም አላስቀየመችም።

የጠየቀችኝ ገንዘብ አልነበረም። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነበር። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በነርስነት አገልግላለች የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ። ያለ እሱ የትም ብትሄድ እንደ ጀማሪ እንደምትታይ እሷም እኔም እናውቃለን። እኔ ግን የሕጉን መጽሐፍ አወጣሁ። «ምንም ነገር አይጠየቅም ይላል» አልኳት። ደብዳቤ ክፍያ እንዳልሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ከዚያ ክፍሏ ድረስ ሄጄ የንብረት መዝገቤን ዘርግቼ ተረከብኳት፤ ሁለት አንሶላ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ፎጣ፣ የክሊኒኩ ቁልፍ። ለመሳፈሪያ ያህል ሰጥቼ አስፈረምኳት።

ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ ያኔ ብትጠይቁኝ «ሥርዓት ነው» እላችሁ ነበር። ውሸት ነው። ቀንቼባት ነው። እኔ የዘላለም ማሕላዬን የገባሁት ልቤ ሳያርፍ፣ የእናቴን ደስታ ላለማጥፋት ብዬ ነው። በሀገራችን ካቶሊኮች ጥቂት ነን፤ በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ 0.7 በመቶ ነበርን። በዚህ ቁጥር ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል። የአንዷ መውጣት ከገዳሙ ደጅ ሳያልፍ የእናቷ ደብር ይደርሳል። እሷ ያንን ሁሉ ንቃ ስትወጣ፣ እኔ ያልደፈርኩትን ስለደፈረች አበሳጨችኝ። ያላደረገችውን በደል አንሶላ በመቁጠር ተበቀልኳት።

ከዓመታት በኋላ እኔም ወጣሁ። የእኔው ማሕላ የዘላለም ስለነበር ጉዳዩ ረዘመ፤ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ፈቃድ ተጠይቆ፣ ፈቃዱ እስኪመጣ ተጠብቆ። በመጨረሻው ቀን ተራዬን ልቀበል ተዘጋጅቼ ገባሁ። ኃላፊዋ ፖስታ ሰጠችኝ። የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ሳልጠይቅ ተጽፎ ነበር። ለጥቂት ወራት የቤት ኪራይ እና ለኮሌጅ ምዝገባ የሚሆን ገንዘብም ነበረበት። ሳመችኝና አለቀሰች። እኔ ማልቀስ አቃተኝ፤ ያሰብኩት ያቺን ልጅ ብቻ ነው። ለካ የሚያስጨክን ሥርዓት አልነበረንም፤ ሒሳብ ያዧ እኔ ስለነበርኩ ነው። የቁጥር 702 ሁለተኛ ክፍል፣ ማኅበሩ ለሚወጣው ሰው ርትዕና ወንጌላዊ ፍቅር እንዲያሳይ ያዛል። እዚያው ከመጀመሪያው ሥር ነው። ያን ዕለት መጽሐፉን የዘጋሁት እሱ ጋ ስደርስ ነው።

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ የማታ አካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። መምህሩን በዕድሜ እበልጠዋለሁ። ልጆቹ ኤክሴል ላይ ጥለውኝ ይሄዳሉ፤ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ሲመጣ ግን «እትዬ፣ ዛሬ ከእኛ ግሩፕ ጋር ነሽ» ይሉኛል። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያለ ደወል መንቃቴ አልለቀቀኝም፤ በጸሎቱ ሰዓት አሳይመንት እሠራለሁ፣ አንዳንዴም ሁለቱን እቀላቅላለሁ። ደስ ይለኛል። ይህን መሸሸግ ሌላ ኃጢአት ይሆንብኛል።

አንድ ማታ የኦዲቲንግ መምህራችን፣ የተሳሳተ ነገር መጻፍ ብቻ ሳይሆን መጻፍ ያለበትን መተውም ሪፖርቱን ሐሰት ያደርገዋል ብሎ አስተማረ። የተቀረው ክፍለ ጊዜ ምን እንደተባለ አላስታውስም። በዚያው ሳምንት ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። ብዙም አልመከሩኝም። ስርየቱን ሰጡኝና «ጸሎት አልሰጥሽም፤ ደብዳቤው ይጻፍ» አሉ።

ማኅተሙ በእጄ ስለሌለ የቀድሞ ቤቴን ደጅ መጥናት ነበረብኝ። ለኃላፊዋ ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና ፀሐፊዋን የክሊኒኩን የድሮ መዝገቦች እንድታወጣ አዘዘቻት። ደብዳቤው ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ታተመበት። የነርሷን ስልክ ያገኘሁት በዘመድ በኩል ነው። ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች። ነርስ ሆና ሰው ቤት መግባቷ በእኔ ምክንያት ብቻ ነው ብል ራሴን ማግዘፍ ይሆናል፤ የለሁበትም ልል ግን አልችልም።

ደብዳቤውን ፎቶ አንስቼ ላክሁላትና ደወልኩ። ይቅርታዬን እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ደብዳቤው ይጠቅመኛል» አለች። «እሱን እንኳ ረስቼው ነበር። አንሶላውን ግን ለምን ቆጠርሽው? አጥቤ፣ ተኩሼ አልጋው ላይ አስቀምጬልሽ አልነበር?»

«መዝገቡ ስለሚጠይቅ...» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። «ማንም አላዘዘኝም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።